አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ ሁለት ሕፃናት ይዤ እስከ ማታ ምን ልሁን?

የሁለት እናት (ሰኞ ማታ)

ክረምት ስል ዝናቡን ማለቴ አይደለም፤ በረዶውንና ውርጩን፣ ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ የሚረዝምበትን ወቅት ማለቴ ነው። ሴቷ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ አሥራ አንድ ወር ሞላው። ባለቤቴ ከሥራ የሚገባው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ምክር የምፈልገው ስለ ጠዋቱ አይደለም፤ ጠዋቱ እንደምንም ይገፋል። ጭንቀቴ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አባታቸው እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። መስኮቱ መጥቆር ሲጀምር ሁለቱም የተማከሩ ይመስል እኩል መነጫነጭ ይጀምራሉ። ያልተወረወረ አሻንጉሊት፣ ያልተጎተተ ፀጉር አይቀርም። የእኔም ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደግሞ ይጸጽተኛል።

ትናንት ቆርጬ ተነሣሁና «ውጪ እንወጣለን» አልኩ። ትንሹን ወፍራሙን የበረዶ ልብስ አለበስኩትና ኮሪደሩ ላይ አስተኛሁት፤ እጅና እግሩን ዘርግቶ እንደ ትራስ ቀረ። ወደ ትልቋ ዞርኩ። በግራ እጇ ጓንት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ጣት ገብቶባት ኖሮ አለቀሰች። አወጣሁ፣ መለስኩ። ጓንቱ ሲስተካከል የካልሲዋ ስፌት ትንሿን ጣቷን ነካት። ቦት ጫማውን አወለቅሁ፣ ካልሲውን አዞርኩ፣ ቦት ጫማውን መለስኩ። በዚህ መሐል ትንሹ በላብ ተጠምቆ ሲጮኽ ቆየና እናቶች ሁሉ የምታውቁትን ያንን ዝምታ ዝም አለ። ሽታው ሳይዘገይ ደረሰኝ። ሰዓቱን ሳየው 38 ደቂቃ አልፏል፤ ውጪው ጨልሟል። ሁሉንም አንድ በአንድ አወለቅሁና ከቦት ጫማዎቹ መሐል ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ አጠገቤ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችኝና «እማዬ፣ አንቺንም ካልሲሽ ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን በየቀኑ ታወጣላችሁ? ከወጣችሁስ እንዴት? እናቴ በስልክ «አታውጫቸው፣ ብርድ ይመታቸዋል» እያሉኝ ነው። ቤት ውስጥ ስንውል ደግሞ እርስ በርሳችን የምንማታው እኛ ነን።

ዝም ያልኩ አንባቢ (ሰኞ ማታ)

«አንቺንም ካልሲሽ ነው?» አንጀቴን በላችው። ምክር የለኝም፤ ልጅቷን ሳሚልኝ።

ሦስት ወንዶች (ሰኞ ማታ)

እህቴ፣ የአለባበሱ ቅደም ተከተል ነው የተገለበጠው። ትንሹ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ነው የሚለብሰው። እኔም የመጀመሪያ ልጄ ጊዜ እንዳንቺው ነበርኩ፤ ሦስተኛው ሲወለድ ነው ነገሩ የገባኝ።

በመጀመሪያ ሁሉም ሽንት ቤት ይሂድ፣ ዳይፐር ይታይ። ቀጥሎ አንቺ ራስሽ ከካፖርቱ በስተቀር ሁሉንም ልበሺ፤ ላብ ያጠመቃት እናት ትዕግሥት የላትም። ከዚያ ትልቋ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚለበሰው፦ ሱሪ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ካፖርት፣ ኮፍያ። ጓንቱ እጀታው ረዘም ያለ ከሆነ ከካፖርቱ በፊት አድርጊላትና እጅጌው በላዩ ይውረድበት፤ በረዶ ወደ ውስጥ አይገባም፣ እሷም ጎትታ አታወልቀውም። ባለ ጣቱን ጓንት ደግሞ ለሌላ ሰው ስጪው። አውራ ጣት ብቻ የተለየለትን ዓይነት ፈልጊ። አራቱ ጣቶች አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ስለሚያሞቅ ከባለ ጣቱ ይበልጣል፤ የጠፋ ጣት ፍለጋም አይኖርም። ባለ ጣት ጓንት ለትንሽ ልጅ መግዛት ወላጅ በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ነው።

ካፖርቱን ራሷ ትልበስ። ወለሉ ላይ ውስጡን ወደ ላይ አድርገሽ ዘርጊው፤ አንገትጌው በእግሯ በኩል ይሁን። ጎንበስ ብላ ሁለቱንም እጆቿን እጅጌዎቹ ውስጥ ትክተትና በአናቷ አሳልፋ ወደ ኋላ ትገልብጠው። የእኔ ሁለተኛው ልጅ ይህንን የቻለ ቀን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ካፖርቱን እያወለቀ ሲያሳይ አመሸ። አንቺ በዚያ ጊዜ ትንሹን ታለብሺያለሽ፤ በሩ ላይ ደርሰሽ፣ በመጨረሻ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሥር ጥጥ አታልብሺ። ጥጥ ላብ ከጠጣ ርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ሱፍ ግን ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ካልሲውን በተመለከተ፣ ስፌቱን ወደ ውጪ አዙረሽ አልብሻት። ማን ያይብሻል?

ነርስ በሕፃናት ክፍል (ማክሰኞ ጠዋት)

ስለ ብርድና ጉንፋን አንድ ነገር ልበል። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ከሌለ ልጅ በረዶ ላይ ቢንከባለልም አይይዘውም። ታዲያ በብርድ ወራት ለምን ይበዛል? ዋናው ነገር መስኮት ዘግተን፣ ተጠጋግተን፣ አንድ አየር እየተመላለስን መተንፈሳችን ነው። ማሞቂያው ደግሞ አየሩን ያደርቀዋል፤ ደረቅ አየር አፍንጫን ያደርቃል፣ የደረቀ አፍንጫ በቀላሉ ይጠቃል። ትንንሽ ልጆች በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዛቸው የተለመደ ነው፤ መዋያ የሚውሉት ከዚያም ሊበልጥባቸው ይችላል። አብዛኛው በእነዚህ ጥቂት ወራት ስለሚከማች «ልጄ ክረምቱን ሙሉ አፍንጫው አልደረቀም» የምትል እናት አታጋንንም።

እናትሽን ግን ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። ከጉንፋን አምጪዎቹ ዋናው፣ ራይኖቫይረስ የሚባለው፣ ከ37 ዲግሪ ይልቅ በ33 ዲግሪ አካባቢ በተሻለ ይራባል፤ ቀዝቃዛ አየር ሲተነፍሱ የአፍንጫ ውስጥ ሙቀት ወደዚያው ይወርዳል። ስለዚህ ብርዱ ባያመጣውም ለመጣው በር ሊከፍት ይችላል። ያም ሆኖ ከታመመ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ከመዋል ውጪ መውጣት ይሻላል።

ለጉንፋን መድኃኒት አትቸኩሉ። የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ለትንንሾች ጥቅማቸው አነስተኛ፣ ጉዳታቸው የታወቀ ነው። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። የጨው ውኃ ጠብታ አፍንጫው ውስጥ አድርጋችሁ ንፍጡን መጥባት፣ ከዚያ ማጥባት ወይም ማብላት፤ አፍንጫው የተደፈነ ሕፃን እየጠባ መተንፈስ ስለማይችል ነው የሚነጫነጨው። ማር ለሳል ይረዳል፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ለትልቋ ይቻላል፣ ለትንሹ ገና ነው።

ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለው ግን «እስኪነጋ እንየው» የሚባል ነገር የለም። ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ።

ብዙ ክረምት ያየሁ አያት (ማክሰኞ ከሰዓት)

ልጄ ነርሷ፣ የተማርሽው ልክ ነው። እኛም «ብርድ መታው» ስንል ቫይረሱን አናውቀው እንደሆነ እንጂ ልጁ መታመሙን አላጣነውም። አምስት አሳድጌያለሁ፣ ሰባት የልጅ ልጆች ይዣለሁ።

የዛሬ እናቶች የምታጠፉት ሌላ ነው፤ ልጁን ታበዙበታላችሁ። እጁ ቀዘቀዘ ብላችሁ አንድ ሹራብ፣ አፍንጫው ቀዘቀዘ ብላችሁ ሌላ። የሕፃን እጅ መቼ ሞቆ ያውቃል? ማጅራቱን ነው የሚነኩት። ጣትሽን ከአንገትጌው ሥር አስገቢ፤ ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከራሰ አብዝተሽበታል፤ ከቀዘቀዘ ጨምሪለት። ላብ ያጠመቀው ልጅ ነው ቆይቶ የሚቀዘቅዘው። የዚያች ልጅ ትንሹ ኮሪደር ላይ ተዘርግቶ መቀቀሉን ሳነብ እኔም አብሬው ላብ አሰመጠኝ።

ነርስ በሕፃናት ክፍል (ማክሰኞ ከሰዓት)

እማማ፣ ማጅራቱን በተመለከተ ቃል በቃል እርስዎ ያሉትን ነው ለእናቶች የምንነግረው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት፦ ሲተኛ ደግሞ ኮፍያው ይውለቅ። ሕፃን ብዙ ትርፍ ሙቀት የሚያስወጣው በጭንቅላቱ በኩል ነው። ዓመት እስኪሞላው አልጋው ላይ ልቅ ብርድ ልብስና ትራስ አይኑር፤ እጅጌ የሌለው የመኝታ ከረጢት ይበቃዋል። በጣም የሞቀ ክፍል ከቀዝቃዛው ይልቅ ለሕፃን እንቅልፍ አደገኛ ነው።

የሌሊት ፈረቃ (ማክሰኞ ማታ)

እኔ አባት ነኝ። ሌሊት እሠራለሁ፣ ስለዚህ ያንን ሰዓት ከልጆቹ ጋር የማሳልፈው እኔ ነኝ። ሚስቴ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ በር ላይ ነው የምንገናኘው።

ለእኔ የለወጠልኝ አንድ ነገር ነው፦ ከጨለማው ጋር መሽቀዳደም ተውኩ። እንዳንቺው «ሳይጨልም እንውጣ» እያልኩ ልጆቹን ሳጣድፍ ሁላችንም በር ላይ እንፈነዳ ነበር። አንድ ቀን ረፍዶብን ጨለመ፤ እልህ ይዞኝ የእጅ ባትሪ አንሥቼ «በጨለማ እንሄዳለን» አልኳቸው። ሳላስበው ልማድ ሆነ። የአምስት ዓመቱ ልጅ ባትሪውን ይዞ ፊት ይሄዳል። መንገዱ ቀን የሚያውቀው ነው፤ ማታ ግን ለእሱ ሌላ አገር ነው። የመብራት ምሰሶ ሥር ቆመን ቀና ስንል በረዶው ከብርሃኑ ውስጥ ብቻ የሚወርድ ይመስላል፤ ከዚያ ውጪ ምንም የለም። «አባዬ፣ ከአምፖሉ ነው የሚወጣው?» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አንገፋም። ስንመለስ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ርቧቸው፣ ሰው ሆነው ይገባሉ።

ሁለተኛው፣ የቤቱን መብራት ከመጨለሙ ቀደም ብሎ ማብራት ነው። መስኮቱ ሲጠቁር እየተከታተልሽ በድንግዝግዝ አትቀመጪ። ሦስተኛው ገላ መታጠብ ነው። ከመኝታ በፊት መሆን አለበት ያለው ማን ነው? እኛ ቤት ንጭንጩ በጀመረበት ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ሰዓትም ይሁን፣ ገንዳው ይሞላል። ውኃ ውስጥ የገባ ልጅ ጠቡን ይረሳል። አንቺም በርጩማ ላይ ትቀመጫለሽ፤ ስልክሽን ግን አታንሺ፣ ከአጠገባቸውም አትራቂ።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አጭሩ ቀን ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው። ፀሐይ እጅግ ቀድማ የምትጠልቀው ግን በዚያ ቀን አይደለም፤ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። በእነዚህ ሳምንታት የፀሐይ እኩለ ቀን በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚዘገይ የማታው በኩል ሁሉም ሰው «ገና ነው» ሲል መራዘም ይጀምራል፤ ጠዋቱ ደግሞ ከዚያ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እየጨለመ ይቆያል። አንቺ ጠዋቱን እንደምንም እገፋዋለሁ ብለሻል፤ ጨለማው ወደዚያ ይሂድልሽ።

የሁለት እናት (ማክሰኞ ማታ)

ይህንን የመጨረሻውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ የእጅ ባትሪ እገዛለሁ።

ሰነፏ እናት (ረቡዕ ጠዋት)

ሁላችሁም በጨለማ ተጓዦች ሆናችሁ እኔ ብቻ ልናዘዝ ነው? እኔ አሥር ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። ራት እሠራለሁ። ማንም አይሞትም።

መርሕ አለኝ (ረቡዕ ጠዋት)

ላለማስቀየም ነው፣ ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ስክሪን ጨርሶ አይመከርም ይላል፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመክራል።

ሰነፏ እናት (ረቡዕ ጠዋት)

የዓለም ጤና ድርጅት መጥቶ ሽንኩርቱን ይክተፍልኝ፤ ያኔ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ። ለነገሩ አንድ ሰዓት ብለህ የለም? እኔም የምከፍተው ለአንድ ሰዓት ነው። ተስማማን ማለት ነው።

ሦስት ወንዶች (ረቡዕ ጠዋት)

ከሁለታችሁም ጋር ነኝ። ችግሩ መክፈቱ ላይ አይደለም፤ መዝጋቱ ላይ ነው። በመሐል ያጠፋሁ ቀን የሚነሣው ጩኸት ካተረፍኩት ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ማለቂያ ያለው አጭር ነገር እከፍታለሁ፤ ሲያልቅ ራሱ አለቀ፤ ክፉዋ እኔ አይደለሁም።

የኋላ ወንበር (ረቡዕ ማታ)

ስለ ልብስ ስታወሩ ማንም ያላነሣው ነገር አለ፤ መኪና። ወፍራም ካፖርት ወይም የበረዶ ልብስ ያደረገ ልጅ በመኪና መቀመጫው ላይ አይታሰርም። ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ የጠበቀው ካፖርቱ ላይ ነው። ግጭት ሲደርስ በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቅና ቀበቶው ልል ይሆናል፤ ልጁ ሊሾልክ ይችላል።

የማያምን ቤቱ ይሞክረው። ልጁን ከነካፖርቱ አስራችሁ ቀበቶውን አጥብቁ። ከዚያ ቀበቶውን ሳታላሉ ልጁን አውጡት፣ ካፖርቱን አውልቁና መልሳችሁ እሰሩት። እኔ ስሞክር ትከሻዋ ላይ የቀረው ልል መዳፌን ከነውፍረቱ ያስገባ ነበር። ሁለት ክረምት እንደዚያ ነድቻታለሁ፤ የዚያን ቀን እራቴ አልወረደልኝም።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስስ ሹራብ ለብሶ ይታሰር፤ ካፖርቱን በፊት ለፊቱ ገልብጣችሁ ከቀበቶው በላይ አልብሱት፣ ወይም ብርድ ልብስ ደርቡበት። ሲሞቀው ራሱ ይጥለዋል።

የተቃጠለ አንገት ልብስ (ሐሙስ ከሰዓት)

ስሜን ካያችሁት ታሪኩን ገምታችኋል። ባለፈው ክረምት ርጥብ ጓንትና የአንገት ልብስ በኤሌክትሪክ ማሞቂያው ላይ ዘርግቼ ሕፃኑን ላስተኛ ገባሁ፤ እኔም አብሬው አሸለብኩ። ያነቃኝ የጭስ ማስጠንቀቂያው ነው። እሳት አልነበረም፤ አንድ ጥቁር ቀዳዳና ለሳምንት ያልለቀቀ ሽታ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ከማሞቂያው አንድ ሜትር ርቀት ውስጥ ምንም ነገር አይቀመጥም። ጓንት የሚደርቀው በመስመር ተሰቅሎ ነው፤ ጠዋት ርጥብ ከሆነ ሌላ ጥንድ አለ።

በጋዝ፣ በእንጨት ወይም በከሰል የምታሞቁ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑራችሁ። ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለአፍታም አይገባም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣል፤ ሰው ጉንፋን ጀመረኝ ይላል። ልዩነቱ ትኩሳት አለመኖሩ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መታመሙና ውጪ ሲወጡ መሻሉ ነው። እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ፤ ማሰቡ ከውጪ ሆኖ ይሁን።

የመንታ አባት (ዓርብ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት)

ከሆስፒታል ተጠባባቂ ክፍል ነው የምጽፈው፤ እንቅልፍ የለኝም። ከሁለቱ አንዷ፣ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ማታ ደኅና ተኝታ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሻ እንደሚጮኽ ባለ ሳል ተነሣች። ትንፋሽ ስትስብ ደግሞ ሲር የሚል ድምፅ አለው። እናቷ ሌላዋን ይዛ ቀረች፤ እኔ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሮጥኩ። የመኪናው መስኮት ገርበብ ብሎ ነበር፣ መዝጋቱን እንኳ አላስታወስኩም። የሚገርማችሁ፣ እዚህ ስንደርስ ድምፁ ቀነሰ። አሁን ሐኪሙ ሲጠራን እሷ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። አጋንኜ ነው የሚመስለው።

ነርስ በሕፃናት ክፍል (ዓርብ፣ ሌሊት)

አላጋነንክም፤ መሄድህ ልክ ነው። የገለጽከው ክሩፕ የሚሉትን ይመስላል፤ የሚያይህ ሐኪም ይነግርሃል። ቫይረስ የድምፅ ሣጥኑንና የአየር ቧንቧውን ላይኛ ክፍል ያሳብጠዋል፤ ሌሊት ይብሳል። ቀዝቃዛ አየር እብጠቱን ለጊዜው ስለሚቀንሰው መንገድ ላይ የሚሻላቸው ብዙ ናቸው፤ ወላጅ ሁሉ እንደ አንተ አፍሮ ነው የሚገባው።

ለሌሎቻችሁ፦ ልጁ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦም ያ ድምፅ ከተሰማ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው ድንገተኛ ክፍል ነው። እስክትደርሱ ቀና አድርጋችሁ እቀፉት፣ አታስለቅሱት፤ ለቅሶ ያብሰዋል። የፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ አትያዙት፤ ጥቅሙ አልታየም፣ የተቃጠለ ልጅ ግን እኛ ዘንድ ይመጣል። ከተቃጠለ ደግሞ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ፤ በረዶ አይደለም፣ ቅባት አይደለም።

የመንታ አባት (ዓርብ ረፋድ)

ክሩፕ ነው ተባለ። አንዴ ብቻ የሚዋጥ የስቴሮይድ መድኃኒት ሰጥተዋት ሁለት ሰዓት ተመልክተው ለቀቁን። አሁን እህቷን አሻንጉሊት እየቀማች ነው። አመሰግናለሁ።

ብዙ ክረምት ያየሁ አያት (ዓርብ ረፋድ)

እግዚአብሔር ይማራት። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እስከ ትናንት ብርድ አያሳምምም ስትሉኝ ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ ብርድ አዳኝ ሆነ?

ነርስ በሕፃናት ክፍል (ዓርብ ረፋድ)

እማማ፣ ከእርስዎ ጋር መከራከር አቆምኩ።

የሁለት እናት (እሑድ ማታ)

ተመልሻለሁ። አምስት ቀን ሞክረናል። ረቡዕ ከሸፈ፤ ትንሹ እንቅልፉ ተዛብቶ ስለነበር በር እንኳ አልደረስንም። ገንዳው ውስጥ ጨመርኳቸውና ዳንን።

ሐሙስ ግን ወጣን። ካፖርቱን የመገልበጡን ነገር ልጄ በሦስተኛው ሙከራ ቻለችው፤ በመጀመሪያው ላይ ተገልብጦ ኮፍያው ከወገቧ በታች ተንጠለጠለ፣ «ጅራት አለኝ» ብላ አላወልቅም አለች። ትንሹን በር ላይ ቆሜ በመጨረሻ አለበስኩት። 17 ደቂቃ ፈጀብን። ጋሪው ውስጥ ሆኖ ከአፉ የሚወጣውን እንፋሎት አየና ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ ሲጠፋበት ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እንደገና ተነፈሰ። መንገዱን በሙሉ ይህንኑ ሲያደርግ ነበር።

ትልቋ ባትሪውን ይዛ ፊት ፊት ትሄዳለች። ጥላዋ በረዶው ላይ እስከ አጥሩ ድረስ ሲረዝም ቆም ብላ ሰላምታ ሰጠችው። ዓርብ ደግሞ አባቷ ሳይታሰብ ቀደም ብሎ ሲመጣ ከሩቅ አየችውና መብራቱን ፊቱ ላይ አብርታ «ቁም! ማነህ?» አለችው። ቆመ። ስሙን ጠየቀችው፤ ነገራት። «እለፍ» አለችው። ባለቤቴ እስካሁን ለሰው ሁሉ ይህንን እያወራ ነው።

በየቀኑ አንወጣም፣ አልዋሻችሁም። ጩኸቱም አልቀረም። እናቴ ሲደውሉ ግን ከዚህ የቀዳሁትን ነገርኳቸውና አሁን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማጅራቱን ነክተሽዋል?» ሆኗል።

አንድ ችግር ብቻ ቀረኝ። አውራ ጣት ብቻ ያለውን ጓንት ገዛሁላት፤ በሁለተኛው ቀን የግራው ጠፋ። ሶፋውን ገልብጫለሁ፣ ጋሪውን አራግፌያለሁ። ነገስ እንዴት ልወጣ?

ሦስት ወንዶች (እሑድ ማታ)

የግራ ጓንት የሚገኘው በረዶው ሲቀልጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ወፍራም የሱፍ ካልሲ እጇ ላይ አድርጊላት፤ እስከ ክንዷ ይደርስላታል። ስፌቱን ወደ ውጪ ማዞር እንዳትረሺ።